ሱሉልታ ድንጋይ ካባ ውስጥ አጥንት አገኘሁ ላልከው ወንድሜ፦ እባክህ አትንካው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካባ ውስጥ ከጥቁር ድንጋይ መሃል አጥንት የሚመስል ነጭ ነገር ወጣ፤ ዳይኖሰር ከሆነ ሰብስበህ ልትገጣጥመው አስበሃል፤ በምን ላጽዳው፣ በምን ላጣብቀው ነው ያልከው። ሌሎቹ የኮላ ዓይነት እየዘረዘሩልህ ነው። እኔ ዓለም ገና ብየዳ ቤት አለኝ፤ ከአጥንትና ከአጽም ጋር ስታገል ዓመታት ሆኖኛል። የምጽፍልህ እኔ የከፈልኩትን አንተም እንዳትከፍል ነው።

1ኛ. አትንካው። ውሃም፣ ሽቦ ብሩሽም፣ መዶሻም አይቅረበው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

2ኛ. ዳይኖሰር አይደለም። ላስከፋህ ብዬ አይደለም፣ ዕድሜው አይገጥምም። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የእኛን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ሲሆን ዋናው ፍሰት የመጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አብዛኛው ከዚያም ያንሳል። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ደግሞ አጥንት አያቆይም። ነጩ ነገር በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሞላ ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ካልሳይትና ዚዮላይት ብዙ ሰው ያታልላሉ። በማጉያ መነጽር እየው፦ አጥንት ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ነው፣ ማዕድን ግን ያብለጨልጫል። ምላስህን አስነካው የሚሉህን አትስማ፤ ያረጀ የበሬ አጥንትም ምላስ ላይ ይጣበቃል። ነገሩ የወጣው በሁለት ፍሰት መሃል ካለ የደለል ንብርብር ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያኔ እውነተኛ ቅሪተ አካል ሊሆን ይችላል፣ የዳይኖሰር ባይሆንም።

ዳይኖሰር የሚባለው ካንተ ሩቅ እንዳይመስልህ። በጫንጮ በደርባ አድርገህ ወደ ሙገር ሸለቆ ስትደርስ ወንዙ ጥቁሩን ድንጋይ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ንብርብር አውጥቶታል። በሰሜን ምዕራብ ደጋችን ካለው የዚህ ዓይነት ደለል፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን አንዱ ከሆነው ከጁራሲክ መጨረሻ፣ ተመራማሪዎች የተለያዩ ዳይኖሰሮችን ጥርስ አግኝተዋል። ጥርስ ነው፣ የቆመ አጽም አይደለም። ደግሞ ይህን ስላልኩህ አካፋ ይዘህ እንዳትወርድ!

3ኛ. ሕጉ። በቪዲዮ የምታያቸው አሜሪካውያን በግል መሬታቸው ላይ ያገኙትን ቆፍረው ይሸጣሉ። እዚያ የመሬቱ ባለቤት ንብረት ነው። የእኛ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ያለ ፈቃድ መፈለግም መቆፈርም ይከለክላል፤ በግንባታ፣ በማዕድን ሥራ ወይም በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት ይላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው።

4ኛ. ኮላ። እሺ፣ የኔ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል።

በቡታጅራ መንገድ የደንበኛ በር ገጥሜ ስመለስ፣ አዋሽ አካባቢ አንድ ቦረቦር ውስጥ ጫፉ ብቅ ያለ ትልቅ አጥንት አየሁ። የዳይኖሰር ጭን ነው ብዬ ወሰንኩ፣ ማን ይከለክለኛል! በፌሮ ፈልቅቄ ሳወጣው ሦስት ቦታ ተሰበረ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት፣ በሽቦ ብሩሽና በውሃ አሸሁት፣ ላዩ እንደ ቆሎ ገለባ ተላጠ። በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ከዚያ እየተመላለስኩ አሥራ አንድ ቁራጭ ለቀምኩ፤ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሁሉንም አንድ እግር ላደርጋቸው ታገልኩ። አልገጥም ያለውን ጠርዝ በሞረድ ሞረድኩት። ክፍተቱን በጀሶ ሞላሁት።

ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። የተሰበረ ጀበና ስትገጥም ስባሪው ራሱ ቦታውን ይነግርሃል አይደል? አጥንትም እንደዚያው ነው። ጠርዙን የሞረድክ ቀን ማስረጃውን አጠፋህ። ሱፐር ግሉ ደግሞ በወጉ አይለቅም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት በአሴቶን የሚሟሟ ፓራሎይድ የሚባል ማጣበቂያ ነው፤ ተሳስተው ከሆነ መልሰው ይፈቱታል። አፋር ዲኪካ ላይ የተገኘችውን፣ ሰላም የተባለችውን የጥንት ሕፃን ቅሪተ አካል ከድንጋይ ለማላቀቅ እነ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ዓመታት ሠርተዋል። እኔ አንድ ከሰዓት በሽቦ ብሩሽ ጨረስኩት።

በመጨረሻ ጎረቤቴ መከረኝና ማዳበሪያዬን ተሸክሜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው ግማሽ ቀን በር ላይ አቆመኝ። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው ላከኝ። ሦስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ፤ ደግሞ ይሄን ከየት ሰርቀህ ነው?» አለኝ። በገዛ እግሬ ላስረክብ የመጣሁ ሰው! ሱቄን ዘግቼ አራት ቀን ተመላለስኩ። እንዲህ ከተቀበሉት ሁለተኛ ሰው እንዴት ይምጣ? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በአምስተኛው ቀን አንዲት ባለሙያ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ፤ ማዳበሪያውን ከፍታ አየችና «ጋሼ፣ የጉማሬ ክንድ ነው። ሌሎቹ የሌላ እንስሳ ናቸው» አለችኝ። በመልካ ቁንጥሬ በኩል የጥንት ጉማሬ አጥንት ከድንጋይ መሣሪያ ጋር እንደሚገኝ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ቀጥላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከየትኛው ንብርብር? ከምን ጋር ተኝቶ ነበር? መልስ አልነበረኝም። አብረን ሄድን፤ ክረምቱ ቦረቦሩን ንዶታል። አጥንቱ የሰው እጅ ያረፈበት ይሁን አይሁን ማንም ከእንግዲህ አያውቅም። የጠፋው በእኔ እጅ ነው።

መገጣጠሙ ከማረከህ ግን መንገድ አለው። በበዓል ከታረደ በግ ጀምር። አንገቱ ሰባት አጥንት ነው፣ ጎድኑ አሥራ ሦስት ጥንድ። ሥጋውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አስለቅቅ፤ በረኪና እንዳታስነካው፣ አጥንቱን ይበላዋል። ሳትነጣጥል በእርሳስ ቁጥር ጻፍበት፤ ግራና ቀኝ እግር ከተደባለቀብህ ሳምንት ይፈጅብሃል። ከዚያ ወደ ዳይኖሰር እለፍ፣ በጀሶ። የእኔው በፌሮ አጥንትነት የቆመ ሦስት ሜትር ተኩል ሥጋ በል ነው። መጀመሪያ ጅራቱን መሬት ላይ አስተኝቼው ነበር፤ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጅራቱ ሚዛን መጠበቂያ ስለሆነ አየር ላይ ነው የሚሆነው አለችኝ። ቆርጬ እንደገና በየድኩት። አሁን የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየገቡ አጥንቶቹን በስም ይቆጥሩልኛል፣ እኔ ደግሞ በዚህ እኮራለሁ። ጀሶ ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ አምስት ኪሎ ሙዚየም ለሕዝብ የቆመችው ድንቅነሽም ቅጂ ናት። በርሊን ያለው ከታንዛኒያ የሄደው 13 ሜትር የሚያልፍ ቁመት ያለው ዳይኖሰርም ከአንድ እንስሳ ብቻ የተገጠመ አይደለም፣ ከብዙ ነው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ነገሩ ካለበት ሳታንቀሳቅስ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠህ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ራቅ ብለህ ግድግዳውን በሙሉ አንሳ፣ ከላይና ከታች ያለው ንብርብር እንዲታይ። ቦታውን በስልክህ ካርታ ላይ ምልክት አድርግ። ቀኑን ጻፍ። ስታመለክት ፎቶውን እንጂ አጥንቱን ይዘህ አትሂድ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይሰጡህም አትውጣ። ለካባው ፎርማን ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልለት። ጠዋት ድማሚት የሚያፈነዱ ከሆነ ያ ጥግ እንዲቆይ።