«ጡረታዬ ሱቁ ነው» የሚል ባል፣ እቁቧን የደበቀች ሚስት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን 43 ዓመቷ ነው። ከ47 ዓመቱ ባለቤቷ ጋር ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ መሸጫ ከከፈቱ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ የገባውን ሁሉ ፈትልና ጥለት ይገዛበታል፤ ክረምት ሲገባ ለሸማኔ የሚከፍለው አጥቶ ይበደራል። እርጅና ሲነሳ «ጡረታዬ ሱቁ ነው» ይላል። እሷ አባቷ ሲሞቱ እናቷ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ያየች ናት። ሳትነግረው ዘጠኝ ዓመት እቁብ ጥላ 420,000 ብር በስሟ አስቀምጣለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ስልኳ እሱ እጅ ላይ እያለ የባንኩ መልእክት ገባ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ካልሆነ አያናግራትም። «ለቤቴ ባጠራቀምኩ ሌባ ሆንኩ» ትላለች።

እህቴ፣ ሌባ አይደለሽም። ይሁን እንጂ «ለቤቴ ብዬ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያስታርቃችሁም። ባለቤትሽን ያመመው ብሩ አይመስለኝም። ለሸማኔ ብሎ ሰው ደጅ ሲጠና አንቺ ገንዘብ ይዘሽ ዝም ያልሽባቸውን ክረምቶች አሁን ቁጭ ብሎ እየቆጠረ ነው። «የእኔ እቁብ» የሚለውንም ቃል ተዪው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው ሌላ ውል ከሌላችሁ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ በማንም ስም ቢቀመጥ የጋራ ነው።

ሁለታችሁም የምትፈሩት ነገር እውነት ነው። እሱ ባንክ የገባ ብር ይቀልጣል ብሎ ይፈራል፤ አልተሳሳተም። ከ2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ወለሉ 7 በመቶ ነበር፤ የዕቃ ዋጋ ግን ያንን ጥሎት ሲሮጥ ከርሟል። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። ይህን ያየ ነጋዴ ፈትል ቢያከማች አይገርምም። የሳተው ዕቃና ጡረታ አንድ መስለው የታዩት ላይ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የወጣ ጥለት ዛሬ በግማሽ ዋጋም ገዢ አያገኝም። ሱቁ ኪራይ ነው፤ ደንበኛውም የሚመጣው እናንተን ብሎ ነው። አንዳችሁ ብትታመሙ መደርደሪያው ላይ ያለው ቀሚስ የወር አስቤዛ አይሆንም።

አንቺም ብትሆኚ እቁብን ከልኩ በላይ አምነሽዋል። እቁብ ለዓመት ዕቅድ ጥሩ ነው፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይጥላል። ነገር ግን ወለድ የለውም። ቀድሞ የወሰደ አባል ያለ ዋስ ከጠፋ ደግሞ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ይጎዳል።

ንግግሩን በዚህ ጀምሪው። እሁድ ከሰዓት፣ ከሱቅ ውጪ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቢበዛ ለአንድ ሰዓት። የባንኩን ደብተር ፊቱ አድርጊና «ስትበደር እያየሁ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። እንደ እናቴ እንዳልቀር ፈርቼ ነው» በይው። «አንተ ስለማትቆጥብ» የሚለው እንዳያመልጥሽ፤ ያ ከተባለ ይቅርታው ክስ ሆኖ ይቀራል። ቢቆጣ አትመልሺለት። በተለምዶ ከቁጣው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ሌላስ የደበቅሽው አለ?» ነው። ካለ እዚያው ንገሪው፤ ከወር በኋላ የሚገለጥ ሁለተኛ ሚስጥር ከመጀመሪያው ይብሳል።

ከዚያ ወደ ሱቁ የሂሳብ ደብተር። ያለፉትን 12 ወራት ሽያጭ አውጡና ለሸማኔ፣ ለፈትል፣ ለኪራይና ለግብር የወጣውን ቀንሱ። የእናንተ ሥራ ጥር ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰርግና ለእንቁጣጣሽ ይደምቃል፤ በሁዳዴና በክረምት ይቀዘቅዛል። ከሱቁ ለራሳችሁ የምትከፍሉትን ደመወዝ መቁረጥ ያለባችሁ በደካማዎቹ አራት ወራት አማካይ ነው። ለምሳሌ በእነዚያ ወራት በወር በአማካይ 36,000 ብር የሚተርፍ ከሆነ ለእያንዳንዳችሁ 15,000 ይቆረጥ፤ ቤቱ በ30,000 ይተዳደር። በዓመቱ አማካይ ከቆረጣችሁ የጥሩው ወር ገንዘብ ያታልላችሁና ሐምሌ ላይ እንደገና ብድር ነው። ቀብድን ደግሞ ልብሱ እስኪረከብ እንደ ገቢ አትቁጠሩት፤ ለብቻው ይቀመጥ። ብዙ ሱቅ የሚቸገረው የአንዷን ሙሽራ ቀብድ ለሌላዋ ፈትል እያደረገ ነው።

420,000ውን በሁለት ክፈሉት። 180,000ው የስድስት ወር የቤት ወጪ ነው፤ በሁለታችሁም ፊርማ ብቻ የሚወጣ ይሁን። የቀረው 240,000 የእርጅና ነው፤ ለፈትል አይነካም። ባለቤትሽ እዚህ ላይ ይሟገትሻል። እንግዲያው በደማቅ ወራት ከደመወዝ በላይ ከሚተርፈው ግማሹን ያለ ጭቅጭቅ ለዕቃ ስጪው፤ 30 በመቶው ለእርጅና፣ 20 በመቶው ለግብርና ለድንገተኛ ይሁን። ነጋዴነቱን እንዳልናቅሽበት ማየት አለበት።

ጊዜ የማይሰጠው ግን ጡረታው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ የ2014ቱ ቁጥር 1268፣ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚገቡበት በር አለው። ለተቀጣሪ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ሁለቱም በራስ ላይ ቢወድቅ ከ15,000 ብር 2,700 በወር ማለት ነው። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የወር አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። ባለቤትሽ 47 ነው። 50 ካለፈው በኋላ ቢጀምር 60 ሲሞላው አሥሩ ዓመት አይሞላለትም። ስለዚህ የምዝገባውን ሁኔታ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ዘንድሮ ጠይቁ፤ ሁለታችሁም በየስማችሁ። አንቺ ስሙ ውስጥ ተጠቃለሽ ከቀረሽ የእናትሽ ፍርሃት አይለቅሽም።

ሁለት ጊዜ ሞክረሽ ዝምታው ካልተሰበረ፣ ሽማግሌ ከመጥራትሽ በፊት አስቢበት። ሽማግሌ የሚፈርደው «ለምን ደበቀች» በሚለው ላይ ነው፤ ደብተሩን አይገልጥም። ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ንግድ የሚያውቅ አንድ ሰው ወይም የጋብቻ አማካሪ ይሻላል።

ለመጀመሪያው እሁድ የባንኩን ደብተር ብቻ ያዢ። የሱቁ ሂሳብ ለሁለተኛው፣ ጡረታው ለሦስተኛው ይቆይ።