የኢንዶኔዢያን የእንግሊዝኛ ክፍል ለማጥናት ለተነሳችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት የእንግሊዝኛ መምህራንን በማሰልጠን ነው። ኢንዶኔዢያ ለታዳጊ አገር ተማሪዎች በምትሰጠው ስኮላርሺፕ ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ትኖራላችሁ። እዚሁ ሆናችሁ የዚያን አገር የመምህራን ትምህርት ለቴሲስ የመረጣችሁም ትኖራላችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው፦ መምህሯ ምን ያህል እንግሊዝኛ ተናገረች ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ቋንቋ እንዳለና እያንዳንዱ ምን ሥራ እንደሚሠራ አዳምጡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኢንዶኔዢያ ከ700 በላይ ቋንቋ የሚነገርባት አገር ናት። ኦክቶበር 28 ቀን 1928 እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ተሰብስበው የአንድነት ቋንቋችን ኢንዶኔዢያኛ ነው ብለው ቃል ገቡ። ያኔ ብዙ ተናጋሪ የነበረው የጃቫ ደሴት ቋንቋ ጃቫኛ ነው። እነሱ ግን በየወደቡ የንግድ መግባቢያ ሆኖ የኖረውን ማላይኛን መሠረት አደረጉ። ትልቁ ሕዝብ ቋንቋውን በሌሎች ላይ ጫነ የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ይህ ውሳኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ አከብረዋለሁም።

ኢንዶኔዢያኛ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ በየቀኑ ቤት ውስጥ የምናወራው ኢንዶኔዢያኛ ነው ያለው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነበር። ማዕከላዊ ጃቫ ገጠር ያለች ልጅን አስቡ። ከእናቷ ጋር ጃቫኛ ታወራለች፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ኢንዶኔዢያኛ ይጠብቃታል፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። የእስልምና ትምህርት ቤት ከሆነ አረብኛም አለ።

እንግዲህ መምህሯ ክፍል ገብታ ሰላምታውን በእንግሊዝኛ ትሰጣለች። ሰዋስው ላይ ስትደርስ ወደ ኢንዶኔዢያኛ ትሻገራለች። ኋላ የተቀመጠው ልጅ ሲረብሽ በጃቫኛ ትገሥጸዋለች፣ ወይም በጃቫኛ ቀልዳ ክፍሉን ታስቃለች። ጀማሪ አጥኚ ይህን ሲያይ የሚያደርገው ይታወቃል። የእንግሊዝኛውን ደቂቃ ይቆጥራል፣ በመቶኛ ያሰላል፣ መጨረሻ ላይ «መምህራን እንግሊዝኛ ብቻ እንዲጠቀሙ ሥልጠና ይሰጣቸው» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ቴሲስ ብዙ አንብቤአለሁ። ስለ መምህሯ የሚነግረኝ ነገር የለም። ለምን በዚያች ቅጽበት ቋንቋ ቀየረች? ልጆቹ ገባቸው? ቋንቋውን ስትቀይር መናገር የጀመረ ልጅ አለ? ጥናት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛ ሰዓት እንግሊዝኛ ሊሰማበት ይገባል፤ በዚህ አልከራከርም። ልጆቹ ከክፍል ውጭ ቋንቋውን የሚሰሙበት ቦታ ጥቂት ነው። ግን ስንት ደቂቃ የሚለው ጥያቄ ለምን ከሚለው በኋላ ይምጣ።

ስለ ጃቫኛ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይገባዋል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያልን ሰው እናከብራለን። ጃቫኛ ከዚያ ርቆ ይሄዳል፤ ለታላቅ ሲናገሩ የየዕለቱ ቃላት ብዙዎቹ ጭምር ይቀየራሉ። ንጎኮ የሚሉት የእኩያ ንግግር አለ፣ ክራማ የሚሉት የአክብሮት ንግግር አለ። አሁን ለተግባር ልምምድ የወጣችን እጩ መምህርት አስቡ። አስተምራ ስትጨርስ በዕድሜ እናቷ የምትሆን ነባር መምህርት ትገመግማታለች። እጩዋ አንገቷን ደፍታ እሺ ትላለች። አጥኚው ማስታወሻው ላይ «ስለ ራሷ ሥራ የማሰላሰል ችሎታዋ ደካማ ነው» ብሎ ይጽፋል። ያቺ ልጅ ማታ ከጓደኞቿ ጋር በዋትሳፕ ስለዚያ ትምህርት አንድ ሰዓት ሙሉ ልትወያይ ትችላለች። የጠፋው ሐሳቧ ነው ወይስ ሐሳቧን ለታላቅ የምትገልጽበት መንገድ? ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ይህን ሳይነገረው ማወቅ አለበት፤ እኛም በታላቅ ፊት እንዲሁ ነን።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ አታድርጉት። የእንግሊዝኛ መምህርን በእንግሊዝኛ ስትጠይቁት ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ የሚያምር መልስ ይሰጣችኋል፣ እውነቱ ግን ይቀራል። ኢንዶኔዢያኛ ተማሩ። በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ግሱም እንደ አማርኛ በጊዜና በባለቤት አይረባም። አስተርጓሚ ቢያስፈልጋችሁ እንኳ የሚባለውን በግማሽ መስማት ትልቅ ነገር ነው።

መጠይቅ ላይ ብቻም አትደገፉ። «ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እጠቀማለሁ» የሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ምልክት ማድረግ ቀላል ነው። ክፍሉን በድምፅ ቅዱ። ከዚያ ቅጂውን ከመምህሯ ጋር ተቀምጣችሁ ስሙ፣ «እዚህ ጋ ምን አስበሽ ነው?» በሏት። ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ዘዴ ይህ ነው። አድካሚ ነው። የአንዱን ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ቀኑን ይበላዋል። ግን ይከፍላል።

ደግሞ ፈቃድ። የምታጠኗቸው እጩዎች የእናንተው ወይም የአማካሪያችሁ ተማሪዎች ከሆኑ፣ ፈርመው የሰጧችሁ ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ መሆኑን እርግጠኛ መሆን አትችሉም። ውጤት የሚሰጠው ሰውና ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ይለያዩ። ከተቻለ ውጤታቸው ከተዘጋ በኋላ ጠይቋቸው።

ቦታውንም አስተውሉ። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ጃቫ ደሴት ላይ ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችም በአብዛኛው እዚያው ናቸው። ዮግያካርታ ወይም ማላንግ አንድ ክፍል አይታችሁ «የኢንዶኔዢያ መምህራን» ብላችሁ አትጻፉ። በአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ፓፑዋ ያለ መምህር ችግሩም፣ ቋንቋውም፣ የተማሪው ቁጥርም ሌላ ነው።

ፖሊሲውን ሳታነቡ ደግሞ ክፍል አትግቡ። የ2005ቱ የመምህራን ሕግ መምህር ሁሉ ዲግሪ እንዲኖረው፣ ሰርተፊኬት ሲያገኝም የደመወዙን ያህል አበል እንዲጨመርለት አዘዘ። መምህርን ማክበር ነውና ደስ ይለኛል። ሆኖም በኋላ በሰፊው የተደረገ ጥናት ደመወዙ በእጥፍ ማደጉ የተማሪዎቹን ውጤት እንዳልለወጠ አሳየ። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ወረቀቱ ብቻ አይቀይረውም ማለት ነው። በ2013 ጃንዋሪ ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ ጭምር ያስተምሩ የነበሩትን «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሚባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚፈቅደውን የሕግ አንቀጽ ሻረ። የሀብታምና የድሃ ልጅን ይለያሉ፣ ብሔራዊ ቋንቋውንም ያዳክማሉ የሚል ክርክር ነበር የቀረበው። የዚያው ዓመት ሥርዓተ ትምህርትም እንግሊዝኛን ከአንደኛ ደረጃ መደበኛ ትምህርቶች አወጣው።

አሁን ነገሩ ተመልሷል። በ2024 በወጣው ደንብ መሠረት ከ2027/28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ ግዴታ ይሆናል፤ ዕቅዱ ከ3ኛ ክፍል እንዲጀመር ነው። በየመንደሩ ይህን ትምህርት የሚይዙት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ለማስተማር ያልሰለጠኑ የክፍል መምህራን ይሆናሉ። በምን ቋንቋ ያስተምሩት ይሆን? ጃቫኛው፣ በምዕራብ ጃቫ የሚነገረው ሱንዳኛው ከእንግሊዝኛው ጎን ቦታ ይኖረዋል? ሥልጠናውን የሚሰጣቸው ሰው እነሱ ያሉበትን ክፍል አይቶት ያውቃል? ለቴሲሳችሁ ርዕስ ካላገኛችሁ ከእነዚህ አንዱን ያዙ። ትምህርቱ ሳይጀመር በፊት አንድ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ አዳምጡ፤ ከተጀመረ በኋላም እዚያው ተመለሱ።