አዩታያን አይቼ ተመለስኩ፤ ረክሻለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴን ለማሳከም ባንኮክ ነው ያለሁት። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። ለክትትል ግን ጥቂት ቀን ቆዩ ተብለናል። ወንድሜ እናታችን ጋ ሊውል ተስማማና «ትንሽ አየር ቀይሪ» ብሎ ሾፌር ያለው መኪና ተከራየልኝ። የድሮ ነገሥታት ከተማ ወደሆነችው ወደ አዩታያ ብቻዬን ሄጄ ማታ ተመለስኩ። ፍርስራሹን ሁሉ አየሁ። ጫማዬን አውልቄም አንዱ ቤተ ጣዖት ውስጥ ገባሁ። የዛፍ ሥር የያዘው የቡድሃ ራስ አጠገብ ፎቶ ልነሳ ስል ጠባቂው «ዝቅ በይ» አለኝና ቁጢጥ አልኩ። በኋላ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ «ለታመመ ሰው ጥሩ ነው» ብለው እጄ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ። እምቢ ለማለት አፈርኩ። ሆቴል ገብቼ ልቆርጠው ስል ግን «እናቴ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ?» ብዬ ፈራሁ። እስካሁን እጄ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላለች ጓደኛዬ ብነግራት «ረክሰሻል፤ መጽሐፈ ቄድር ሳይጸለይልሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ከመመለሳችን በፊት እሱም ሊያየው ስለፈለገ አብረን እንሂድ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። እናትሽን እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልሽ። በሰው አገር በሽተኛ ማስታመም ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። አንድ ቀን ወጣ ብለሽ መተንፈስሽ በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ክሩ ነው። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ጓደኛሽ ያለችውን ላንሳ፤ ምክንያቱም ይህን አነጋገር ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ። ቻይና ጓንጁ ለንግድ የሄደ ወንድም «ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ውስጥ ለጣዖት ዕጣን ይጨሳል፤ ጢሱ ልብሴ ላይ ቀርቷል፤ ልቁረብ ወይ?» ይለኛል። ሕንድ ለሕክምና የሄደች እናት «ሆስፒታሉ በር ላይ ጣዖት ቆሟል፤ በፊቱ አለፍኩ» ብላ ታለቅሳለች። ሁሉም ርኩሰትን የሚያስቡት እንደ አቧራ ነው። ቦታው ላይ አለ፣ ስታልፊ ይነካሻል፣ አብሮሽ ቤት ይገባል ብለው ያምናሉ።

ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲህ አላስተማሩንም። ተረፈ ኤርምያስን አንብቢ። አጭር ነው፣ ሆቴል ቁጭ ብለሽ ትጨርሽዋለሽ። ነቢዩ የጻፈው ወደ ባቢሎን ተማርከው ለሚሄዱ ሰዎች ነው። የወርቅና የብር አማልክት በትከሻ ተሸክመው ሲያልፉ፣ ሕዝቡም ከፊትና ከኋላ ሆኖ ሲሰግድላቸው ታያላችሁ ይላቸዋል። ዓይናችሁን ጨፍኑ አላላቸውም። በሌላ መንገድ ዙሩም አላላቸውም። ያን ጊዜ በልባችሁ «አቤቱ፣ ሊሰገድልህ የሚገባ አንተ ነህ» በሉ አላቸው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ የሚመክራቸው አትፍሯቸው እያለ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም አቴና ሲገባ ከተማዋ በጣዖት ተሞልታ አይቶ መንፈሱ ተበሳጨ። እንዲያም ሆኖ እየተዘዋወረ የሚያመልኩትን ሁሉ ተመለከተ። ትምህርቱንም የጀመረው እዚያ ካየው መሠዊያ ተነስቶ ነው (ሐዋ. 17፥16-23)። ማየት ቢያረክስ ኖሮ ሐዋርያው በረከሰ ነበር።

ጫማ ማውለቅሽም አያሳስብሽ። ላሊበላ የሚመጣ የሌላ እምነት ሰው ቤተ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ሴቷም ነጠላ ጣል ታደርጋለች። እኛ ይህን አይተን ደስ ይለናል፣ አከበሩን እንላለን። ተዋሕዶ ሆኑ ግን አንልም። አንቺም እዚያ የሰው ቤት ሥርዓት አክብረሽ ገብተሻል። ትከሻና ጉልበት መሸፈኑን ደግሞ ከእናትሽ ቤት ጀምሮ የለመድሽው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ አዩታያ የሚሄዱ አንዳንድ ልጆች ራስ የሌላቸው የቡድሃ ሐውልቶች ፎቶ ይልኩልኛል። «አምላካቸው አንገቱን ተቆርጦ እዩት» ብለው ይስቃሉ። ጭራሽ በተቆረጠው አንገት ላይ የራሳቸውን ፊት ደግነው የሚነሱም አሉ። ይህን አትውደጂው። ያቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1351 ተመሥርታ ሦስት ወንዞች በከበቧት ደሴት ላይ ከ400 ዓመት በላይ የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1767 የበርማ ጦር አቃጥሎ አፈረሳት። ሕዝቧ ተጋዘ፣ መጻሕፍቷ ነደዱ። ከሐውልቶቹ ራሶች አንዳንዶቹ በጦርነቱ ወደቁ። ብዙዎቹን ግን በኋላ የመጡ ሌቦች ቆርጠው ለቅርስ ነጋዴ ሸጧቸው። ይህ ስርቆት ነው። ሌባ ያደረገውን የእግዚአብሔር ፍርድ ብለን አንዘባበትበትም። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ታቦታችንና ብራናችን ተጭኖ የሄደብን እኛ፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለብን እኛ፣ በሰው ፍርስራሽ ላይ መሳቅ አያምርብንም። የእምነታችን እውነት የቆመው በሌላው ቤት መፍረስ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጢጥ ማለትሽ ልምጣ። ዋት ማሃታት በሚባለው ቦታ የዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥሩን ዘርግቶ ያቀፈው ያ ራስ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም። የአገሩ ደንብ የቆመ ሰው ራስ ከእሱ በላይ እንዲሆን ስለማይፈቅድ ጠባቂዎቹ ዝቅ በሉ ይላሉ። ታዲያ ሰገድሽ ማለት ነው? አልሰገድሽም። ጉልበት ማጠፍ ብቻውን አምልኮ አይሆንም። አብርሃም ለኬጢ ልጆች ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቷል (ዘፍ. 23፥7)። እኛም ለታላላቆቻችን ጎንበስ እንላለን።

ያም ሆኖ ነገሩን ቀላል አላደርግልሽም። ሠለስቱ ደቂቅ ዱራ ሜዳ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቆመዋል። ምስሉን አይተውታል፣ መለከቱንም ሰምተዋል። ያላደረጉት አንድ ነገር ነው፤ መስገድ የአምልኮ ምልክት ሆኖ ሲጠየቁ አልሰገዱም። ሰውነታችን የሚመሰክረው በምን ጥያቄ ፊት እንደቆመ ታይቶ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ጃፓን ውስጥ ክርስትና ሲታገድ ክርስቲያኖችን ለመለየት የጌታንና የእመቤታችንን ሥዕል በእግራቸው እንዲረግጡ ያዝዟቸው ነበር። እምቢ ብለው የሞቱ አሉ። እግር ማንሳት ብቻ ነው የተጠየቁት፤ ግን ያ እርምጃ መካድ ተብሎ ስለተጠየቀ ነፍሳቸውን ሰጡ። በዚያ መከራ ዘመን ከጃፓን ከተሰደዱት ክርስቲያኖች የተወሰኑት መጥተው የኖሩት እዚያው አዩታያ ነው። ከደሴቱ በስተ ደቡብ፣ ወንዙ ዳር፣ የጃፓኖች መንደር የነበረበት ቦታ ዛሬም ይጎበኛል። እነዚያ ሰዎች በየቀኑ የቡድሃን ቤተ መቅደሶች እያዩ ኖረዋል። ማየታቸው ግን መካድ አልሆነባቸውም።

ስለዚህ ቁጢጥ ያልሽው ለካሜራ ነውና አምልኮ አይባልም። ለወደፊቱ ግን እንዲህ አድርጊ። ዝቅ በሉ የሚባለው ለምስሉ ክብር መሆኑን አሁን አውቀሻል። ሐዋርያው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ የነገረህ ሰው ካለ፣ ስለ ነገረህና ስለ ሕሊና ስትል አትብላ ይላል (1ኛ ቆሮ. 10፥28)። አንቺም ዛፉን ራቅ ብለሽ አንሺው። አንቺ ካልገባሽበት ፎቶው ምንም አይጎድለውም። የሶርያዊውን የንዕማንን ታሪክ ጠቅሰው «እሱ ሬሞን በተባለው ጣዖት ቤት ጎንበስ ብሏል፤ ነቢዩም በሰላም ሂድ ብሎታል» የሚሉ አሉ። ንዕማን ንጉሡ በእጁ ተደግፎ ስለሚገባ ግዴታ ነበረበት፤ ያንንም አስቀድሞ እያዘነ ይቅርታ ለምኖበታል። ለሽርሽር የሄደ ሰው ይህን ለራሱ ፈቃድ አድርጎ ሊወስደው አይችልም።

ክሩ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ እንደ አባት ጠንከር ብዬ እናገርሻለሁ።

አስቢው እስቲ። ጓደኛሽ ቦታው ኃይል አለው ብላ ፈራች። አንቺ ደግሞ ክሩ ኃይል አለው ብለሽ ፈራሽ። ሁለታችሁም የእግዚአብሔርን ድርሻ ለሌላ ሰጥታችኋል። ክሩን ሲያስሩልሽ ዝም ያልሽው ከሐፍረት ነው፤ ያ ድካም ነው፣ ይቅር ይባላል። ማታ ሆቴል ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ ማንም ሳያይሽ መቀሱን ይዘሽ የተመለስሽበት ሰዓት ግን ይከብዳል። በዚያች ሰዓት የእናትሽ ሕይወት በክር ላይ የተንጠለጠለ መስሎሽ ነበር። አንገትሽ ላይ ማዕተብ አለ፣ እጅሽ ላይ ክር አለ። በልብሽ የፈራሽው የትኛውን ነው? መፍራት ከአምልኮ ይቆጠራል። ኦሪት «አምላክህን እግዚአብሔርን ፍራ፣ እርሱንም አምልክ» ስትል ሁለቱን አብራ ያስቀመጠቻቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ጣዖታት ክፉ ማድረግ አይችሉም፣ መልካም ማድረግም አይችሉምና አትፍሯቸው ይላል (ኤር. 10፥5)። አብዛኛው ምእመን የዚህን ቃል ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። «መልካም አያደርጉም» ስንል ሁላችንም አሜን እንላለን። «ክፉም አያደርጉም» የሚለው ላይ ስንደርስ እንንቀጠቀጣለን። አገር ቤትም ያው ነው። ክታብ አላስርም የሚል ሰው ሌላው ያሰረውን ክታብ ለመፍታት ሲፈራ አይቻለሁ። ላለማሰር እምነት ካለሽ ለመቁረጥም ይኑርሽ።

በሽታ ልብን ያላላል፤ ይገባኛል። ለእናት ሲባል ሰው የማያደርገው ነገር የለም። ንጉሡ አካዝያስም ታሞ ሳለ ነው ወደ አቃሮን አምላክ መልእክተኛ የላከው። ኤልያስ የጠየቀው «በእስራኤል አምላክ የለምን?» ብሎ ነበር። እኔም ይህንኑ ነው የምልሽ። ያንን ሐኪም ያዘጋጀ፣ እናትሽን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሰላም ያወጣ አምላክ ክሩ ከመታሰሩ በፊትም ነበር።

ስለዚህ ይህን እንዳነበብሽ ተነሽ። አማትቢ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ ቁረጪው። ከዚያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣይው። አታቃጥይው፣ ወንዝ አትውሰጂው፣ ጸበል አትርጪበት። የተለየ ሥነ ሥርዓት በፈጠርሽለት ቁጥር ያንኑ የሌለውን ኃይል እየሰጠሽው ነው። ነገ እናትሽን ትንሽ ቢያተኩሳት ደግሞ «ቆርጬው ነው» እንዳትዪ። ነርሷን ጥሪያት።

ያሰሩልሽን ሰዎችም በክፉ አታስቢያቸው። እናትሽ መታመሟን ሰምተው አዝነውልሽ፣ ያላቸውን ሊሰጡሽ ነው የሞከሩት። ወደፊት ሲያጋጥምሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ፈገግ በይና «አመሰግናለሁ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» በይ። ዕጣን ለኩሺ ሲሉሽም፣ የወርቅ ቅጠል ሐውልቱ ላይ ለጥፊ ሲሉሽም፣ የዕድል ዘንግ አራግፊ ሲሉሽም መልስሽ ይኸው ይሁን። ሾፌሩ «ባህል ነው፣ ምን ችግር አለው» ሊልሽ ይችላል። ዕጣን ለማን እንደሚታጠን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ግን በዚህ አይታለልም።

መጽሐፈ ቄድር ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለይ ነው። አንቺ አልካድሽም። ጓደኛሽ ተቆርቁራልሽ ነውና አትቆጫት፤ ሆኖም ከቤተ ክርስቲያን ማንንም የማገድ ሥልጣን የላትም። አገር ቤት ስትገቢ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ስለ ጫማውና ስለ ፍርስራሹ ዝርዝር አታብዢ። ክሩን እንዳሰርሽና ለመቁረጥ እንደፈራሽ ንገሪያቸው። ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሻል። እስከዚያ ድረስ ጸሎትሽን አታቋርጪ። «ረክሻለሁ» ብሎ ከጸሎት መራቅ ከክሩ የባሰ ጉዳት ነው።

ከወንድምሽ ጋር ሂጂ። እሱም ብዙ ቀን ሆስፒታል ተቀምጧል። ከባንኮክ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። የቤተ መንግሥቱን ቦታና ከጎኑ ያሉትን ሦስት ትልልቅ ሾጣጣ ግንቦች አሳዪው፤ የሦስት ነገሥታት አመድ ያረፈው በእነሱ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ክብር የት እንደደረሰ በዓይኑ ይይ። የጃፓኖቹንም መንደር እዩ። ዋት ፋናን ቼንግን የመሰለው ዛሬም አምልኮ የሚካሄድበት ቤት ጋ ስትደርሱ ግን የአንቺ ልብ ገና አልጠነከረምና ወንድምሽ መግባት ቢፈልግ አንቺ ውጪ ጠብቂው።

ስልክሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ ማጥፋት አያስፈልግሽም። ቁጢጥ ብለሽ የተነሳሽው ባየሽው ቁጥር የሚረብሽሽ ከሆነ እሱን ብቻ አጥፊው።