የአያትህን ማውዘር ቶርኖ ቤት ከመውሰድህ በፊት

ከደምቢያ የጻፈልኝ ወንድም እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት፣ ፈቃድ ያለው ማውዘር አለኝ። ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ እዚያ ሰዎች አሮጌ የጦር ጠመንጃ ገዝተው፣ የራሳቸውን ጥይት ፈልስፈው ይተኩሳሉ አለኝ። ጎንደር ቶርኖ ቤት ወስጄ የጥይት ክፍሉን አስፍቼ በሚገኘው ጥይት ባስኬደው ምን ይመስልዎታል?»

አታድርገው ወንድሜ። የእህትህ ልጅ ግን አልዋሸህም፤ ስለዚህ «አይሆንም» ብዬህ ብቻ አላልፍም።

እንዲህ ያለውን ጥይት ዋይልድካት ይሉታል፣ የዱር ድመት እንደ ማለት፤ ፋብሪካ የማያመርተው ነው። ሰውየው የታወቀ ቀለህ ይወስድና አንገቱን ያጠብባል ወይም ያሰፋል፣ ትከሻውን ይገፋል፣ የጠመንጃውንም ክፍል በዚያው ልክ ያስቀርጻል። ማውዘር ለዚህ ሥራ የተወደደው በቀለሁ ቂጥ ምክንያት ነው። የማውዘሩ ጥይት 7.92×57 ይባላል፣ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው፤ ቂጡ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጡት ሠላሳ-ዜሮ ስድስትም፣ በኋላ የመጣው የኔቶ 7.62×51ም ቂጣቸው ያው ነው፤ መዝጊያው ሦስቱንም ይጨብጣል። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ትርፍ የጦር ጠመንጃ በርካሽ ሲገኝ ብዙ ሰው እዚህ ሙከራ ውስጥ ገባ። ከድመቶቹም ፋብሪካ የደረሱ አሉ፦ ሃያ ሁለት-ሁለት ሃምሳ የሚሉትን ረሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1965 መደበኛ አድርጎታል።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት በብዙ ብረት መስዋዕትነት የተገኘ ነው። ፓርከር አክሌይ የተባለው አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ የየአገሩን የጦር ጠመንጃ ሰብስቦ፣ ሆን ብሎ እስኪሰባበር ድረስ ኃይል እየጨመረ ሞክሯል። የትኛው ምን ያህል እንደሚችል ያወቀው ሰብሮ ነው። አንተ ያለህ አንድ ነው፣ እሱም የአያትህ።

አሁን ወደ ብረቱ ልግባ። የ7.92×57 የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3900 ባር ነው። ይህ ግፊት በቀለሁ ቂጥ ላይ ሲያርፍ መዝጊያውን ወደ ፊትህ የሚገፋው ኃይል 3 ቶን ገደማ ይሆናል፤ ሰው የሞላ ሚኒባስ ማለት ነው። ያንን የሚሸከሙት በዋናነት ከፊት ያሉት ሁለት የመዝጊያ ጥርሶች ናቸው። የ1898ቱ ማውዘር ከኋላ ሦስተኛ ጥርስ አለው፤ እሱ ለመጠባበቂያ ነው። የድሮ ማውዘር ብረት ደግሞ ላዩ ብቻ የጠነከረ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ስብራት እንዳይኖር ታስቦ። ያንን ቆዳ በሞረድ ከነካኸው ወይም በእሳት ካሞቅኸው አለቀለት። ጥርሱ የተቀመጠበት ቦታ በየተኩሱ ይሰረጉዳል፣ በመዝጊያውና በጥይቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ የሚሊሜትር ሩብ ሲደርስ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል። የሚቀደደውም ከቂጡ አካባቢ ነው፣ ጋዙም ወደ ዓይንህ ነው የሚመጣው።

አንድ ጊዜ እጄ የገባ ጠመንጃ አልረሳም። የመዝጊያው እጀታ ተሰብሮ ብየዳ ቤት ተበይዶ ነበር፤ ብየዳው ያምራል። ወደ ጥርሱ ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሙቀቱ እስከዚያ ሄዷል። ባለቤቱን ለምኜ እንዳይተኩስበት አስማልኩት።

አንጥረኛ ዓይን ያለው ሰው «ብረቱን በቀለሙ አውቀዋለሁ» ይላል። እኔም ያደግሁት በዚያ ነው፣ አከብረዋለሁ። የአሜሪካኑን የ1903 ስፕሪንግፊልድ ታሪክ ግን ስማ። በመንግሥት ፋብሪካ የብረቱን ሙቀት ሠራተኞች በዓይናቸው ይለኩ ነበር፤ ደመናማ ቀንና ፀሐይ ቀን ደግሞ ቀለሙን አንድ አድርጎ አያሳይም። የተቃጠለ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ጠመንጃዎቹ መፈንዳት ሲጀምሩ አሠራሩ ተለወጠ፤ ከ800,000 በታች ቁጥር ያላቸውን የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ጠመንጃዎች ዛሬም የሚያውቅ ሰው አይተኩስባቸውም። ከውጭ ሲታዩ ከደህናዎቹ አይለዩም።

ሌላው የቁጥር መመሳሰል ነው። የማውዘርህ እርሳስ 8.22 ሚሊሜትር ነው፣ የኔቶው 7.82፣ የክላሹ 7.92። «የማውዘሩ ጥይት ስሙ 7.92፣ የክላሹ እርሳስም 7.92፤ ገጠመ» የሚል ሰው እንዳያሳስትህ፤ የክላሹ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊሜትር ስለሆነ በ57ቱ ክፍል ውስጥ ደጋፊ የለውም። የጥይት ክፍል ደግሞ ቡሽ አስገብተህ የምታጠብበው የሞተር ሲሊንደር አይደለም፤ ለሌላ ጥይት ሲለወጥ በርሜሉም፣ መለኪያውም፣ ፍተሻውም አብሮ ይመጣል። እዚያ አገር ያለው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ጥይት ልክ የተሠራ የክፍተት መለኪያ አለው። እኛ ቶርኖ ቤት ያለው ካሊፐር ነው።

ሕጉንም አትርሳ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የሚነካ ቶርኖ ቤት ራሱንም አንተንም ያስጠይቃል።

እንግዲህ የሚበጅህን ልንገርህ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ቀጥሎ በመዝጊያውና በጠመንጃው ገላ ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክር፤ ከተለያየ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ስለሚችል በራሱ ጥይትም ቢሆን ሳይፈተሽ አይተኮስበት። የድሮ ጥይት ከተተኮሰበት በርሜሉ ውስጥ ጨው ይቀራል። ሰዉ በናፍጣ ያጥበዋል፤ ናፍጣ ግን ጨው አያሟሟም። በፈላ ውኃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት ቀባው። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ በቆዳ አፎት ውስጥ አትተወው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ሰደፉን የብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፤ የአያትህ እጅ ያለሰለሰውን እንጨት ነው የምትፍቀው። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባውና የተረፈውን ጠርገህ ለቀናት ጥላ ቦታ አቆየው፤ ወፍራም ከቀባኸው ሳይደርቅ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። ጨርቁን አጨማደህ ጥግ አትጣለው፣ ዘርግተህ ውጭ አስጣው፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ሲቆይ በራሱ ሊነድ ይችላል።