የቫይረስ ተሸካሚ ወይስ ተሸካሚ ቫይረስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። ከአይጥ አንጎል በተወሰዱ የነርቭ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ተከፋፍለው ሌሎች የአንጎል ሕዋሳትን በሚያስገኙ ሕዋሳት ላይ እንሠራለን። ቫይረስን እንደ ማጓጓዣ ተጠቅመን አዲስ ዘረመል እናስገባባቸዋለን። ሥራዬን ለእናቴ ሳስረዳት «የቫይረስ ተሸካሚ እንጠቀማለን» አልኳት። ክው ብላ ቀረች። «የማንን ደም ነው የምትነኪው ልጄ?» አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ በትክክል ነው የሰሙሽ። በአማርኛ «የቫይረስ ተሸካሚ» ማለት ቫይረሱ ያለበት ሰው ነው። በኤችአይቪ ምክንያት ስንቱ በዚህ ስም ተጠርቶ አንገቱን ደፍቷል። ያ ስሜት ዛሬም ከቃሉ አልወጣም።

ችግሩ ያለው «የ» ላይ ነው። «የዕቃ ተሸካሚ» ስንል ዕቃው ጭነት ነው። «የቫይረስ ተሸካሚ» ስትዪም ቫይረሱን ጭነት አደረግሽው። አንቺ ጋ ግን ጭነቱ ዘረመሉ ነው፤ ቫይረሱ ተሸካሚው። እንግዲያው «ዘረመል አድራሽ ቫይረስ» በዪ። «አድራሽ»ን የመረጥኩት የተሸከመ ሁሉ ስለማያደርስ ነው። ቫይረሱ የሚራባባቸው ዘረመሎች ወጥተውለት በምትካቸው የምትፈልጉት ይገባል። እሱን ሕዋሱ ውስጥ ያራግፋል፣ በቃ፤ አይራባም። ስለዚህ «ሕዋሱን በከለው» ወይም «ያዘው» አትበዪ። ሁለቱም የበሽታ ቃላት ናቸው።

«ስቴም ሴል»ን እንዳለ ብትወስጂው አልቃወምም፤ ሰው ለምዶታል። እኔ ግን «ግንደ ሕዋስ» ደስ ይለኛል። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄከል እ.ኤ.አ. በ1868 ቃሉን በራሱ ቋንቋ ሲፈጥር ያሰበው የትውልድ ሐረግ የሚሣልበትን ዛፍ ግንድ ነው። እኛም «የዘር ግንዱ ከየት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ምስሉ ከድሮም ቤታችን ነበረ ማለት ነው! ደግሞ «ግንደ» በዪ እንጂ «ግንድ» አትበዪ። «የነርቭ ግንድ ሕዋስ» ካልሽ አንባቢ «የነርቭ ግንድ» ላይ ቆም ይላል፤ እሱ ደግሞ ገና ቅርንጫፍ ያላወጣ ወፍራም ነርቭ ነው። «የነርቭ ግንደ ሕዋስ» ስትዪ ግን እንደ «ቤተ መጻሕፍት» ሁለቱ ቃላት ይጣበቃሉ፤ ማንም አይነጥላቸውም።

ግሡ ላይ ደግሞ አደራ። ለሁሉም ቫይረስ «አስገባ» የሚለው አንድ ግሥ አይበቃም። ሌንቲቫይረስ የሚባለው የቫይረስ ዓይነት ጭነቱን ከሕዋሱ ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘረመሎቹ ከተደረደሩበት ክር ጋር አንድ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሳልክ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን በአይጥ አንጎል ውስጥ፣ በማይከፋፈሉ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ሳይቀር አሳይተዋል። እዚህ ላይ «አዋሐደ» ነው ቃሉ። «ሰካ» የሚሉ አሉ፤ የተሰካ ግን ይነቀላል። ግንደ ሕዋሱ ሲከፋፈል ልጆቹም የተዋሐደውን ይወርሳሉ።

ኤኤቪ የሚባለው ትንሹ ቫይረስ ሌላ ነው። ጭነቱ ከ4,700 የዘረመል ፊደላት ብዙም አይዘልም። አብዛኛውን ጊዜ ከክሮሞሶሙ ጋር ሳይዋሐድ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ግንደ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ለልጆቹ የሚደርሳቸው እያነሰ ይሄዳል፤ ውሃ እየተጨመረበት እንደሚቀጥን ወጥ። ለዚህኛው «አስቀመጠ» በቂ ነው። ለእናትሽም «የአይጦቹ ሕዋስ ውስጥ ዘረመሉን አስቀምጦ የሚቀር ቫይረስ ነው» ብትያቸው ይገባቸዋል።