ሥራ ከለቀቅሁ አራት ወር ሆነኝ፣ ፕሮቪደንት ፈንዴ ግን «ኦዲት ላይ ነው» ይሉኛል

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ቆይታለች። ደመወዟ 18,000 ብር ነበር። ጥቅምት 15 መልቀቂያ አስገባች፣ 30 ቀኗን ሠርታ ኅዳር 15 ወጣች። አሁን መጋቢት እያለቀ ነው። የመጨረሻው ደመወዝ፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ፣ ፕሮቪደንት ፈንዱ (ከደመወዟ እየተቆረጠ፣ ድርጅቱም እያዋጣ የተቆጠበው ገንዘብ)፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱ፣ አንዱም እጇ አልገባም። ክሊራንሱ (ንብረት ማስረከቧን እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበት ቅጽ) ላይ ሰባት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ስድስቱ አልቋል። የንብረት ክፍል ቦታው ባዶ ነው። ላፕቶፑን መልሳለች፣ ግን «የዓመቱ ቆጠራና ኦዲት ሳያልቅ አልፈርምም» ተብላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሰው ሀብት ኃላፊው ጠርቶ፣ በገዛ ፈቃድሽ ስለለቀቅሽ የፕሮቪደንት ፈንዱን የራስሽን ድርሻ ብቻ ነው የምታገኚው፣ እሱንም «ከድርጅቱ ጋር ምንም ዓይነት የክፍያ ጥያቄ የለኝም» የሚለው ላይ ፈርሚና ቼኩን ውሰጂ አላት። መጨረሻ ላይ «ጡረታዬስ?» ብላለች።

እህቴ፣ «አንቱ እንዳትለኝ» ስላልሽ በአንቺ እቀጥላለሁ።

ከገንዘቡ በፊት ካላንደር አውጪና ግንቦት 15ን አክብቢው። የምሬን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ ፍርድ ቤት አያየውም። አንቺ ኅዳር 15 ወጣሽ። አራቱ ወር በ«ነገ ነይ» አልቋል፣ የቀረሽ ሁለት ወር አይሞላም። እነሱ ኦዲት ላይ ናቸው፣ ያንቺ ሰዓት ግን አልቆመም። «ቆጠራው አላለቀም» ሲሉሽ የአንቺም ቀን አብሮ የቆመ ከመሰለሽ እዚያ ላይ ነው የምትሸወጂው።

ከዓመታት በፊት አንድ ሹፌር ቢሮዬ መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ፋይል ይዟል፤ ከቅጥር ደብዳቤው እስከ መጨረሻዋ የደመወዝ ወረቀት አንድም አልጎደለም። ገንዘብ ያዡ መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ»፣ ከዚያ «ከክረምት በኋላ» ብሎታል። እሱ ጨዋ ሰው ነው፣ ጠበቀ። እኔ ጋ የደረሰው በስምንተኛው ወር ነበር። ተከሳሽ ያቀረበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ዋናው ጉዳይ ሳይታይ ክሱ ይዘጋ የሚል መልስ) ሦስት መስመር አይሞላም ነበር፤ ይርጋ ይላል። ያ ሁሉ ወረቀት ሳይገለጥ መዝገቡ ተዘጋ። ገንዘቡ አይገባውም ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

ፕሮቪደንት ፈንድ የተለየ ገንዘብ ነው፣ የስድስት ወሩ ይርጋ አይመለከተውም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ታገኚ ይሆናል። ይከራከር። አንቺ ግን ይመለከተዋል ብለሽ ተንቀሳቀሺ፤ በሌላ ሰው ክርክር ላይ ዘጠኝ ዓመት የቆጠብሽውን አታስይዢ።

አሁን ወደ ክፍያው። የአዋጁ አንቀጽ 36 ግልጽ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ሌላ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያንቺ ኅዳር ሳይወጣ ማለቅ ነበረበት። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ሒሳብ ሳያስረክብ ከዘገየ ነው። ቃሉ «በራሱ ጥፋት» ነው፣ ልብ በይ። ንብረት ክፍሉ ቆጠራውን ስላልጨረሰ፣ ኦዲተሩ ስላልመጣ፣ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ስለሆነ የሚመጣው መዘግየት ያንቺ ጥፋት አይደለም። ይሁን እንጂ እነሱ «ያላስረከበችው እሷ ናት» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ላፕቶፑን ስትመልሺ የፈረመልሽ ሰው ካለ ያ ወረቀት ከወርቅ ይበልጣል። ከሌለ ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ በዚህ ቀን ይህን ንብረት መልሻለሁ፣ የቀረ አለ የምትሉ ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ለመረካከብ ዝግጁ ነኝ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ አንቺ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። በቴሌግራም ደግመሽ ብትልኪው አይጎዳም፤ በቴሌግራም ብቻ ግን አትተዪው።

ይኼ ደብዳቤ ሌላም ጥቅም አለው። ይርጋ ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ሌላኛው ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ክፍያሽ ተሠርቷል፣ ኦዲት እንዳለቀ ይከፈልሻል» ብለው በማኅተም ከመለሱልሽ መጥፎ መልስ አይደለም፣ ደስ እያለሽ ፋይል አድርጊው። በአፍ የተባለው ግን ችሎት ፊት ነፋስ ነው። መልስ ይሰጡኛል ብለሽም ግንቦትን አትጠብቂ።

«አጠቃላይ ሒሳቡ አከራካሪ ስለሆነ ነው የያዝነው» ቢሉስ? ለዚያም ሕጉ መልስ አለው። ክርክር ያለበት ክፍያ ካለ፣ ክርክር የሌለበትን በጊዜው መክፈል ግዴታቸው ነው። የሠራሽበትን ወር ደመወዝ ማንም አይክድም፣ ፔሮላቸው ላይ አለ። ያልወሰድሽው ፈቃድም እንደዚያው፤ ሥራ ስትለቂ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይከፈላል። እነዚህን ሁለቱን ከፕሮቪደንት ፈንዱ ጋር ጠፍረው መያዛቸው ራሱ ጥፋት ነው።

ለመዘግየቱ ቅጣት አለ። አሠሪው በጊዜው ካልከፈለና መዘግየቱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልመጣ፣ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል። ባንቺ ደመወዝ ጣሪያው 54,000 ብር ነው። «እስከ» የሚለውን አትዝለዪው፤ ዳኛው አንድ ወርም ሊፈርድ ይችላል፣ ጨርሶ ላይፈርድም ይችላል። ግን ካልጠየቅሽ በራሱ አይሰጥሽም። እኔ ካየሁት ደግሞ የብዙ ሰው የክስ ማመልከቻ ላይ የምትረሳዋ እቺው ናት። ድርጅቱ ራሱ ያዘገየው የራሱ ኦዲት «ከአቅም በላይ» ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን በበኩሌ ከባድ ይመስለኛል።

ቆጠራው ላይ ጉድለት ተገኝቷል ቢሉሽም አትደንግጪ። ዝም ብለው ከሒሳብሽ መቁረጥ አይችሉም። ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። አለብሽ የሚሉት ገንዘብ ካለ ችሎት ላይ በተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም አንቺ በከሰስሽበት መዝገብ መልሰው አንቺን በመክሰስ፣ አቅርበው ያስረዱ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ስለጨረስሽም በዚያ በኩል የሚይዙሽ ነገር የለም፤ ያለማስጠንቀቂያ ብትወጪ ኖሮ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ ካሣ ሊጠይቁሽ ይችሉ ነበር። ተገላገልሽ።

ፕሮቪደንት ፈንዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ገንዘብ እዚያ ነው ያለው። ይኼ ገንዘብ ሁለት እግር አለው። አንደኛው ከደመወዝሽ በየወሩ የተቆረጠው ነው። እሱ ያንቺ ደመወዝ ነው፣ አለቀ። ድርጅቱ ያስቀመጠልሽ እንጂ የሰጠሽ አይደለም፤ በፈቃድሽ ለቀቅሽ፣ ተባረርሽ፣ ለውጥ የለውም። ስለዚህ «የራስሽን እንሰጥሻለን» ብለው እንደ ውለታ ሲነግሩሽ ፈገግ በይ። ሁለተኛው የድርጅቱ መዋጮ ነው፣ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይኼኛው የሚወሰነው በፈንዱ ደንብ፣ በኅብረት ስምምነታችሁ ወይም በቅጥር ውልሽ ነው። ደንቦች ይለያያሉ። አንዳንዱ አምስት ዓመት የሞላው ሙሉውን ይወስዳል ይላል፣ አንዳንዱ በአገልግሎት ዓመት እየከፋፈለ በመቶኛ ያስቀምጣል፣ ለመልቀቅና ለመባረር የተለያየ ነገር የሚያዝም አለ። የሰው ሀብት ኃላፊው «አይገባሽም» ያለሽ የትኛውን አንቀጽ ይዞ ነው? ደብዳቤሽ ላይ አንድም ቦታ «ደንቡን አሳየኝ» አልኩት ብለሽ አልጻፍሽም። ጠይቂው። በጽሑፍ። ዘጠኝ ዓመት አዋጥተሽ ደንቡን አለማየትሽ አያስገርመኝም፣ እኔም ተቀጥሬ በሠራሁበት ዘመን አላየሁትም ነበር።

ከደንቡ ጋር የፈንዱን ሒሳብ መግለጫ ጠይቂ። ገንዘቡ የትኛው ባንክ ነው፣ በማን ስም ነው፣ ወለዱ ምን ያህል ነው፣ በፈንዱ ላይ ብድር ወስደሽ ከሆነ ስንት ቀርቶብሻል። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ይኼን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የደመወዝ ወረቀቶችሽን ሰብስቢና ራስሽ ደምሪው፣ ክሱ ላይ የምትጽፊው ቁጥር ከዚያ ነው የሚመጣው። ወረቀቶቹ ከሌሉሽ የባንክ ስቴትመንትሽ ይረዳል፣ ፔሮሉን እንዲያቀርቡም በፍርድ ቤት ማስታዘዝ ይቻላል።

ያ «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለው ወረቀት ላይ እንዳለ አትፈርሚ። ቼክ አሳይቶ ማስፈረም የቆየ ዘዴ ነው፣ የተራበ ሰው ደግሞ የሚፈርመውን አያነብም። ገንዘቡ በጣም ካስፈለገሽ ውሰጂ፣ ግን ከፊርማሽ ጎን በእጅሽ ጽሑፍ «የተቀበልኩት ይህን ያህል ብር ብቻ ነው፣ ቀሪ የክፍያ ጥያቄዬ የተጠበቀ ነው» ብለሽ ጻፊ። እንዲህ አድርገሽ አትፈርሚም ካሉሽ ቼኩን እዚያው ትተሽው ውጪ። የትም አይሄድም።

የሥራ ልምዱ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። የሠራሽውን ሥራ፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም በጠየቅሽ ጊዜ፣ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። «ክሊራንስ ከጨረሰች» የሚል ነገር ሕጉ ላይ የለም። አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ እየጠየቀሽ ስለሆነ ይኼን በክሱ ላይ ለብቻው አንድ ጥያቄ አድርገሽ አስገቢው።

«ጡረታዬስ?» ላልሽው፣ እሱን ከአሠሪሽ አትጠብቂ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ እየተደረገ የሚገባው መዋጮ የሚተዳደረው በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፣ አሁን የሚገዛውም አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሥራ በለቀቅሽ ማግስት አሠሪው ቆጥሮ የሚሰጥሽ ገንዘብ አይደለም። ዘጠኝ ዓመትሽ አይጠፋም፣ አዲሱ ቦታ ከምታገለግይው ጋር ይደመራል። በዕድሜ ለመውጣት 60 ዓመትና ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሚያስፈልግ በአገልግሎት በኩል አንድ ዓመት ብቻ ነው የጎደለሽ ማለት ነው። ለአዲሱ መሥሪያ ቤት የድሮውን የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ስጪ፣ እንደ አዲስ አያስመዝግቡሽ። ከዚያ አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄደሽ ዘጠኙም ዓመት ስምሽ ላይ መዋጮው መግባቱን አረጋግጪ። ከደመወዝ ላይ ቆርጦ የማያስገባ ድርጅት አለ፣ ሠራተኛው የሚሰማው ግን ጸጉሩ ሲሸብት ነው።

የስንብት ክፍያን አልጠየቅሽኝም። ከጡረታ ሽፋን ጋር የራሱ ክርክር ስላለው ውልሽን ሳላይ አልነካውም።

ክሱ የሚቀርበው ለፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ «ለፍርድ ቤት ገንዘብ የለኝም» ያልሽው ይኼን ስለማታውቂ ነው። ሕጉ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፣ በተግባር ቀጠሮ ይረዝማል፣ ለዚያ ልብሽን አዘጋጂ። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ከዚያ በፊት ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ማመልከት ትችያለሽ፣ አንዳንድ አሠሪ የተቆጣጣሪ ደብዳቤ ሲደርሰው ብቻ ይነቃል። ግን እዚያም ቢሆን ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ካልተቋጨ ትተሽ ችሎት ግቢ። ምናልባት «የሥራ መሪ ስለሆነች አዋጁ አይመለከታትም» ይሉ ይሆናል። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ የመቅጠርና የማባረር፣ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ካልነበረሽ ያ መቃወሚያ ብዙ አይራመድም። የሥራ መዘርዝርሽን ግን ከወረቀቶችሽ ጋር አያይዢው።

ማመልከቻሽ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አስገቢ፦ ደመወዙን፣ ፈቃዱን፣ የፕሮቪደንት ፈንዱን ሁለቱንም ድርሻ፣ የመዘግየት ክፍያውን፣ የሥራ ልምዱን። ዛሬ የተውሽውን በኋላ ልጠይቅ ብትዪ ያስቸግርሻል።

ደንቡን እንዳገኘሽ ሙሉውን አትላኪልኝ፣ ስለ አባልነት መቋረጥ የሚናገረውን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪ። «በፈቃዱ የለቀቀ» የሚለውን ሐረግ ማየት ነው የምፈልገው፤ ብዙ ጊዜ ከሐረጉ ቀጥሎ የሰው ሀብት ኃላፊዎች የማያነቧት አንዲት ዐረፍተ ነገር ትኖራለች።