ሃይብሪድ መኪና ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ያገለገለ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ መኪና፣ ከገዛህ አራት ወር ሆኖሃል። መብራት ላይ ቆመህ ሞተሩ ሲነሳ መኪናውን ነቅነቅ ያደርገዋል። ሲጠፋ ደግሞ አንዴ ድንግጥ ይላል። ጠዋት ላይ ይብሳል። አንዱ መካኒክ «ካምቢዮው ሄዷል» አለህ። ሌላው «የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይረው» አለህ። የማንን ልስማ ነው ያልከው።

ለጊዜው የሁለቱንም ተወው። እጅህንም ኪስህ ውስጥ አትክተት። እኔ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ 11 ዓመት በሃይብሪድ ሰው ሳመላልስ ኖሬያለሁ። አሁን ሦስተኛ መኪናዬ ላይ ነኝ። ሁለተኛው መኪናዬ ሞተሩ የሞተው ልክ አንተ የጻፍከውን የጠዋት መንቀጥቀጥ ለወራት ችላ ስላልኩት ነው። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ትንሽ ላረጋጋህ። ጤነኛ ሃይብሪድም ትንሽ ይነቃነቃል። ተራ መኪና ጠዋት አንዴ ታስነሳዋለህ፣ አበቃ። ሃይብሪድ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን እስክትደርስ ብቻ ስንት ጊዜ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቁልፍ አላዞርክም፣ እግርህ ፍሬን ላይ ነው፣ የመኪናው ውስጥ ጸጥ ብሏል። ያኔ ነው ሞተሩ ሳታስበው የሚመጣብህ። ስለዚህ ትንሿም ትልቅ ሆና ትሰማሃለች።

አሠራሩን ካወቅከው ማንም አያታልልህም። በ1997 ጃፓን ውስጥ ሽያጭ የጀመረው ፕሪየስና ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች እኛ የምናውቀው ሞተሪኖ፣ ሞተር የሚያስነሳው፣ የላቸውም። ካምቢዮው ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ። ኤምጂ 1 የሚባለው ነው የቤንዚኑን ሞተር የሚያዞረው። ተራ ሞተሪኖ ሞተሩን በደቂቃ 200 ወይም 300 ዙር ያህል ነው የሚያዞረው። ኤምጂ 1 ግን ወደ 1,000 ዙር ገደማ ያደርሰዋል። ቤንዚንና ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያህል የሚቸኩልበት ምክንያት አለው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ አየር ያምቃል። በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር በሰከንድ 10 ምት ይመታል ማለት ነው። ሞተሩ ደግሞ የተቀመጠው ጎማ ትራሶች ላይ ነው፤ እዚህ ማውንት የምንላቸው። በነዚህ ጎማዎች ላይ ሞተሩ በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት እዚያው አካባቢ ነው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጠህ በልኩ ስትገፋው እያደር ከፍ ከፍ እንደሚለው ማለት ነው። ኤምጂ 1 ያንን ክልል ዥዋዥዌው ሳይነሳ ጥሶት ማለፍ ይፈልጋል። ሲጠፋም እንደዚያው ነው። ቤንዚኑ ይቆረጣል፣ ኤምጂ 1 ሞተሩን ጨምድዶ ይይዘውና ቶሎ ያቆመዋል። ያቺ የመጨረሻዋ ድንግጥ የምትመጣው ከዚያ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ደግሞ ስፕሪንግ ያለው ዳምፐር የሚባል ክብ ነገር አለ፤ ፍሪሲዮን ይመስላል። የሞተሩን ምት ይውጣል።

ስለዚህ «ባትሪውን ቀይር» ያለህን ሰውዬ ምን አይቶ እንደሆነ ጠይቀው። ትልቁ ባትሪ ሲደክም ብዙ ጊዜ ሌላ ምልክት ያሳያል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ መጠን ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሞተሩ ያለወትሮው አይጠፋም። የኋላ ወንበር ጋ ያለው ፋን ይጮኻል። የማስጠንቀቂያ መብራትም ይበራል። አንተ ከነዚህ አንዱንም አልጻፍክም። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪም ሞተሩን አታዞርም፤ እሷን ለዚህ አትጠርጥራት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ቀኑን ሙሉ፣ ሞቆም ቀዝቅዞም፣ በተነሳና በጠፋ ቁጥር የሚመታ ከሆነ ማውንቱን አስፈትሽ። የመጀመሪያው መኪናዬ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ኩባያ መያዣው ላይ ያስቀመጥኳት ማኪያቶ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ጠርዝ ላይ ትረጭ ነበር። ኮፈኑን ከፍተን ሳየው አንዱ ማውንት ጎማው ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሥሩ ላይ ወርዷል። ተቀየረ፣ ቡናዬም መሬት መፍሰሷን አቆመች። ማውንቱ ደህና ሆኖ ብረት ከብረት እንደሚጋጭ ያለ ኳኳታ ካለ ደግሞ ዳምፐሩን ማየት ነው። ያ ግን ካምቢዮ ስለሚያስወርድ ሌላው ሁሉ ሳይጣራ አትንካው። «ካምቢዮው ሄዷል» ያለህ ሰው ምናልባት ይህን ድምፅ ሰምቶ ይሆናል።

መኪናህ ፕሪየስ ከሆነ የማውንትና የዳምፐርን ችግር ከራሱ ከሞተሩ ችግር የምትለይበት መንገድ አለ። የእጅ ፍሬን ያዝ። ፍሬን ሳትረግጥ የፓወር ቁልፉን ሁለቴ ተጫን። ፒ ላይ እንዳለ ቤንዚን መስጫውን ሁለቴ እስከ ወለሉ ርገጥ። ኤን ላይ አድርገህ ሁለቴ። ፒ ላይ መልሰህ ሁለቴ። ከዚያ ፍሬን ረግጠህ አስነሳው። ሁሉንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጨረስ አለብህ። ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር፣ ይሠራልሃል። እጅህን መሪው ላይ አሳርፍ። ሚኒሞው ለስላሳ ከሆነና ችግሩ መነሻና መጥፊያ ላይ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማውንትና ዳምፐር ይሄዳል። ሚኒሞውም የሚያንዘፈዝፈው ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር በደንብ እየተቃጠለ እንዳልሆነ ጠርጥር። ስትጨርስ አጥፍተህ እንደገና አስነሳው፤ በዚያ ሁኔታ አትንዳው።

እኔን የሚያሳስበኝ «ጠዋት ላይ ይብሳል» ያልከው ነው።

የኔን ልንገርህ። ክረምት ነበር፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ ሰው ይዤ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ደለስ ኤርፖርት ልሄድ ነው። አስነሳሁት። መኪናው በሙሉ እንደ ወፍጮ ተንቀጠቀጠ። መስታወቱ ሳይቀር ኳ ኳ ኳ። አሥር ሰከንድ ያህል ቆየና ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ደህና ዋለ። «ብርዱ ነው» አልኩ። በሳምንቱ ደገመ። ቼክ ኢንጂን አንዴ በራና ጠፋ። ዘይት ሲቀየር «ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ቀንሷል» ብለው ሞሉልኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ቀነሰ። መሬት ላይ ጠብታ የለም። የት ይሄዳል ብዬ አልጠየቅኩም።

በመጨረሻ አንድ ጎበዝ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ማታ ኩላንቱን በፓምፕ ግፊት ሰጥቶት አሳደረው። ጠዋት ካንዴላዎቹን ፈቶ ቀጭን ካሜራ በቀዳዳው አስገባና ስክሪኑን አሳየኝ። የሦስቱ ፒስተን አናት ጥቁር ነው፣ ጥላሸት። የአራተኛው በእንፋሎት እንደታጠበ ድስት ነጭቷል፣ ጠርዙ ላይ ሮዝ ውኃ ቋጥሯል። የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ፣ በሞተሩ አናትና በታችኛው ክፍል መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቷል። ሌሊት መኪናው ሲቆም ኩላንቱ እየሾለከ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ያ ሲሊንደር እስኪደርቅ አይቃጠልም። መንቀጥቀጡ እሱ ነበር።

ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ኤምጂ 1 ደግሞ ጉልበተኛ ነው፣ ግድ የለውም፣ ያዞረዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ በቂ ውኃ ካለ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል። የኔ ተጣሞ ነበር። ወር ሁለት ወር ቀደም ብዬ ብሄድ ጓርኒሲዮን ብቻ ነበር የምቀይረው። ሞተር ቀየርኩ፤ ለሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቤት ተቀመጥኩ። ልጆች ይዘህ ኪራይ እየከፈልክ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ጠዋት የተንቀጠቀጠ ሁሉ ግን ጓርኒሲዮን አይደለም። ኢጂአር የሚባል መስመር አለ፤ ከጭሱ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ። መንገዱና አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የኢንቴክ ማኒፎልድ ትናንሽ ቀዳዳዎች በጥላሸት ይደፈናሉ። እኩል ስለማይደፈኑ አንዱ ሲሊንደር ጭስ ሲበዛበት ሌላው ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይዛነፋል። እሱ ተፈቶ ይታጠባል፤ ከጓርኒሲዮን ጋር ሲተያይ ቀላል ሥራ ነው። ካንዴላም አለ። ያገለገለ መኪና ስለሆነ መቼ እንደተቀየረ ሻጩን ጠይቀው። ፕሪየስ ላይ የሚቀየረው በ120,000 ማይል ነው፤ አንዳንዱ ባለቤት እዚያ ከመድረሱ በፊት ሸጦት ይሄዳል።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈት። ሲሞቅ ክዳኑን እንዳትነካ፣ ፊት ያቃጥላል። አንዳንድ ሃይብሪድ ሁለት የኩላንት ጋን አለው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚቀይረው ክፍል)። የሞተሩን ለይተህ የፈሳሹ ልክ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳው። ጠዋት ስታስነሳው አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁምልህ። ብርድ ላይ ትንሽ እንፋሎት ያለ ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ግን ኩላንት እየተቃጠለ ነው። ቼክ ኢንጂን ባይበራም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብብ። ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያለ ካገኘህ ሲሊንደር እየሳተ ነው። ፒ0401 ከሆነ ኢጂአሩ ሳይደፈን አይቀርም።

ደግሞ አደራ፣ «ይህን ጠርሙስ ራዲያተር ውስጥ ጨምረው፣ ይደፍነዋል» የሚልህ ሰው ካለ እንዳትሰማው። ሽንቁሩን ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል፤ ራዲያተሩንና የሂተሩንም ቀጫጭን መስመር አብሮ ሊደፍነው ይችላል። ከሻጭ እጅም ተጨምሮበት የመጣ መኪና አይቻለሁ። ጋኑ ግድግዳ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ካየህ ንገረኝ።

ምልክቱን በሳምንቱ እየው። ካልወረደ ቅዳሜ ይዘኸው ና፣ ማውንቱን አብረን እናያለን። ከወረደ ግን ውኃ ሞልተህ ሥራ አትውጣ። በመጎተቻ መኪና (ቶው) አስጎትተህ ውሰደው። ለመካኒኩም «አሳድረህ በግፊት ፈትሸው፣ ፒስተኖቹንም በካሜራ አሳየኝ» በለው።